ጣት የምታህል ርቀት

ለሰው ስም በማውጣት ሰቆጣን የሚያክላት ከተማ የለም። ቄስ ክርስትና አንስቶ የሰጠውን ስም እናትና አባት ይጠሩበታል፤ ሌላው ሰው ግን የሚጠራው አንድ ቀን ገበያ መሃል የታየች ስህተት ባወጣችው ስም ነው። ይቺኛዋ ስም ደግሞ አታረጅም፤ ለልጅም ትተርፋለች። የዚህ ታሪክ ባለቤት የሆነው የገበያው አባት፣ አቶ ገብረ አማኑኤል፣ "መላሹ" የተባሉት እንዲህ ሆነው ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ ገበያው ገና ጡት ሳይጥል፣ በእርሻ ድንበር ከጎረቤታቸው ከመሸሻ ጋር ተጣሉና ዱላ ተማዘዙ። ገብረ አማኑኤል ዱላቸውን ከመሸሻ አናት በላይ አነሱ። አነሱና ቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው አወረዱት፤ ትከሻቸው ላይ አድርገውም ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በዚያ አገር ዱላ ያነሳ ያሳርፋል፤ የማያሳርፍ አያነሳም። አንስቶ መመለስ ሁለት ሰው ያዋርዳል፤ መቺውን ፈሪ፣ ተመቺውን ለዱላ እንኳ የማይበቃ ያሰኛል። ገብረ አማኑኤል ለምን እንደመለሱት ቢጠየቁ መልስ አልሰጡም። መሸሻ ግን "ዓይኔን ቢያየው እጁ ከዳው" እያለ በየጠላ ቤቱ መለሰላቸው። መሸሻ ኋላ ባላምባራስ ተባለና እኛም አንቱ ልንላቸው ግድ ሆነ። ገብረ አማኑኤል ደግሞ መላሹ እንደተባሉ ቀሩ።

ልጃቸው ገበያው "የመላሹ ልጅ" እየተባለ አደገ። ከልጆች ጋር ተጣልቶ ድንጋይ ሲያነሳ "አትሽሹ፣ ይመልሰዋል" ይሉታል። እሱም እንዳይመልሰው ብሎ ይወረውራል፤ የሰው ልጅ ይፈነክታል፤ አባቱ በሰው ደጅ ቆመው ይቅርታ ይለምኑለታል። እንዲህ ሲሆን ኖሮ ጢሙ ማቆጥቆጥ ሲጀምር ስሙን የማያውቁበት አገር ፍለጋ ወጣ። አሥመራ ገብቶ ፖሊስ ተቀጠረ።

እዚያ ሃምሳ አለቃ ገብረ ሊባኖስ የሚባሉ አሠልጣኝ አገኘ። ኮርያ ዘምተው፣ ቆስለው፣ ጃፓን አገር ሲታከሙ ከሆስፒታሉ ዘበኛ ካራቴ የሚባል የባዶ እጅ ጠብ የተማሩ፣ ቀጭንና ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። በፖሊሱ ሰፈር ውስጥ ካራቴ የሚማሩት በሁለት ወገን ተከፍለው ይከራከሩ ነበር። አንደኛው ወገን ቡጢ ገላ ላይ ማረፍ አለበት ባይ ነው፤ ሳይመታና ሳይመቱት የሠለጠነ ሰው የጠብ ቀን ይርበተበታል ይላል። ሃምሳ አለቃው ግን ቡጢው በሙሉ ኃይሉ ሄዶ፣ ከሰውየው ፊት ጣት የምታህል ርቀት ሲቀረው ቀጥ እንዲል ነበር የሚያስተምሩት።

"መራገጥማ በቅሎም ትራገጣለች" ይላሉ። "የሰው ትምህርቱ ማቆም ነው። ማቆም የሚችል ሰው ሲያስፈልገው ይመታል። መምታት ብቻ የሚያውቅ ግን ባስፈለገው ጊዜ ማቆም አይችልም።"

ገበያው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የታወሱት አባቱ ናቸው። አንስቶ ማቆም እንደ ጥበብ የሚቆጠርበት ቦታ በዓለም ላይ መኖሩን አያውቅም ነበር። በዚያ ሰሞን ለጓደኞቹ የአባቱን የቅጽል ስም ሳያፍር ነገራቸው፤ ቢስቁም አልሳቁበትም። ከዚያ ወዲያ ከሁሉም በላይ የተጋው ማቆሙን ለመማር ነበር፤ ዓመት ሳይሞላውም ከሠልጣኞቹ ሁሉ ቡጢውን ለፊት አስጠግቶ የሚያቆም እሱ ሆነ።

በስድሳ ሁለት ዓ.ም. እናቱ ሞተው አባቱ ብቻቸውን ስለቀሩ ከፖሊስነት ተሰናብቶ ወደ ሰቆጣ ተመለሰ። የአባቱን ማሳ ማረስ ጀመረ። ሰው "አሥር አለቃ" ሲለው ደስ ይለዋል፤ ዘወር ሲል ግን "የመላሹ ልጅ መጣ እኮ" እንደሚሉ ጆሮው አልሳተውም።

ካራቴውን መተው አልሆነለትምና አንድ ቀን አቡጀዲ ጠቅልሎ ወደ አደም ዓሊ ሄደ። አደም ከአባቱ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚሰፋ፣ ሜትሩ ከአንገቱ የማይወርድ፣ ሰው ማብሸቅ የሚወድ ልጅ ነው። ከገበያው ጋር አብረው ነው ያደጉት።

"ምን ልስፋልህ?"

"ሰፊ ሱሪና ሰፊ እጀ ጠባብ። ወገቡ ላይ በመቀነት የሚታሰር።"

አደም አቡጀዲውን በጣቱ አሸት አሸት አደረገና "እኛ ዘንድ ይኸ የሚገዛ ለሬሳ ነው" አለ። "ቆመህ እየሄድክ ከፈን ታሰፋለህ?"

"ሰፍተህ ስጠኝና ታየዋለህ።"

ሰፍቶ ሰጠው፤ አየውም። ያየው ነገር ስለገረመው ከሱቁ ሌላ አቡጀዲ ቆርጦ ለራሱም ሰፋ። ከዚያ በኋላ አደም መኪናውን ሸፍኖ፣ ገበያውም በሬውን ፈትቶ፣ ከከተማው በላይ ካለው አውድማ ላይ እየተገናኙ መለማመድ ልማዳቸው ሆነ። ከታች የሚያያቸው ሰው የሚያየው ሁለት ነጫጭ ነገሮች ሲዘሉ ነው። ዓሲያ፣ የአደም ሚስት፣ "ባሌን ጂን ሳይሆን ሃምሳ አለቃ ነው የለከፈው" ትል ነበር፤ የገበያውን ማዕረግ ከፍ አድርጋ።

ሁለቱንም ዓይነት ሞከሩት። አንዳንድ ቀን እጃቸውን በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ደረትና ሆድ ላይ ብቻ እያሳረፉ ይመታቱ ነበር። አደም በዚህኛው የማይረባ ነበር። አንዴ ከተመታ በኋላ ትከሻው ጆሮው ድረስ ይሰበሰባል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ቡጢውንም እንደ ዕውር ዝም ብሎ ይልከዋል። ገበያው ራሱ እልኸኛ ስለሆነ፣ አንዱ ሲያርፍበት በሁለት ካልመለሰ አይሆንለትም። እየተመታቱ የዋሉ ቀን ሲመለሱ ብዙም አይነጋገሩም።

በማያርፈው ግን አደም ሌላ ሰው ነበር። ገበያው ከሁሉ በፊት ያስተማረው "ዓይንህን አትጨፍን" ብሎ ነው። "ቡጢው ሲመጣ እየው። አያርፍብህም፤ እኔ አቆመዋለሁ። አንተ እየው ብቻ።" መጀመሪያ ላይ አደም እምባው እስኪመጣ ይርገበገብ ነበር። ቆይቶ ለመደው። የገበያው ቡጢ ነፋስ ይዞ መጥቶ ቅንድቡ ሥር ቀጥ ሲል እንደ ሕፃን አፍጥጦ ያየዋል፤ ፈገግም ይላል።

"ይኸን እኮ እኔም አውቀዋለሁ" አለው አንድ ቀን አውድማው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው። "ጨርቅ ስቆርጥ በጠመኔ ካሰመርኩት ጣት ያህል እተዋለሁ። ያቺን ጣት የበላ ሰፊ፣ ልብሱ ሰው ያስጨንቃል። ያንተም እጅ ያቺን ጣት ነው የሚተው።"

ገበያው ብዙ አሰበበት። በሚያርፈው ጊዜ እያንዳንዱ የራሱን ገላ ይጠብቃል፤ በማያርፈው ጊዜ ግን አንዱ የሌላውን ገላ ይጠብቃል። አሥመራ ያሉት ተከራካሪዎች ይህን አላዩትም ብሎ ኮራ። መኩራት ያበዛ ሰው ምን እንደሚገጥመው ጠቢቡም ነግሮናል፤ ግን ማን ይሰማል።

በስድሳ አራት ዓ.ም. ለዘውድ በዓል፣ ጥቅምት ሃያ ሦስት ቀን፣ ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት ፊት ባለው ሜዳ ላይ ተማሪዎች ሊሮጡ፣ ገመድ ሊጓተቱ ተዘጋጁ። አዘጋጆቹ ገበያውን "ያንን የውጭ አገር ጠብ አሳየን" አሉት። ለሰስ ብሎ እሺ ቢልም ልቡ ዘለለች። ይህን ቀን ሳያውቀው ሲጠብቀው ኖሯል። አገር ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ባላምባራስ መሸሻም ባሉበት፣ አንስቶ ማቆም ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ሊያሳይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መላሹ የሚለው ስም ስድብ መሆኑ ሊቀር ነው። እንዲህ ነበር ስሌቱ።

"አባዬ፣ ይምጡና ይዩ" አላቸው።

"እኔ እንኳ ስሙን ለምጄዋለሁ" አሉ ገብረ አማኑኤል። ልጃቸው ያሰበው ምን እንደሆነ ገብቷቸዋል። ግን ጋቢያቸውን አጥበው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው መጡ።

ሁለቱ አቡጀዲ ለብሰው ሜዳው መሃል ገብተው እጅ ሲነሣሡ ሳቁ ተጀመረ። "ሁለት ሬሳ ተነሣ" አለ አንዱ። ገበያው አልሰማ አለ። ቡጢውን ላከ፤ ከአደም አገጭ ሥር ቀጥ አደረገው። ከዚያ ከኋላ በኩል አንድ ድምፅ "ሳተው!" አለ።

ገበያው አሁንም ላከ፤ አሁንም አቆመ። "ሳተው!" አሉ ሦስት አራት ሆነው። ለዚህ ነገር አልተዘጋጀም ነበር። አሥመራ የሚያየው ሰው ሁሉ የሚያየውን ያውቃል፤ ሰቆጣ ላይ ግን ሰው ያየው ሌላ ነው፤ አንድ ጎልማሳ ከፊቱ የቆመ፣ እጁን እንኳ ያላነሳ ሰው በቡጢ ማግኘት አቅቶት ሲላብ። ተማሪዎቹ ደስ አላቸውና በኅብረት መጮህ ጀመሩ። እሱ ይልካል፣ እነሱ "ሳተው!" ይላሉ። አንዲት ሴትዮ ከልቧ አዝና "ምስኪን፣ ዓይኑን ያመዋል መሰለኝ" አለች። አደም ይህን ሰምቶ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ያዘ። ዓይኖቹ ግን አልተነቀሉም፤ የጓደኛውን እጅ ያያሉ።

በዚህ ጊዜ ነው ባላምባራስ መሸሻ ለታላላቆች ከተጣለው ዳስ ሥር፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ ከጎናቸው ለተቀመጠው ሰው የሚያወሩ መስለው ሜዳው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው የተናገሩት።

"አልሳተውም" አሉ። "እየመለሰው ነው። ምን ታደርጉታላችሁ፣ የአባቱ ነው።"

ሳቁ ከዳሱ ተነሥቶ ሜዳውን ዞረው። ገበያው አባቱን ፈልጎ አየ። ገብረ አማኑኤል አልተቆጡም፤ አንገታቸውንም አልደፉም። ዱላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና መሬት ላይ አስቀምጠው በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑት። የሰረቀውን ዕቃ እንደሚደብቅ ሰው ነበር ያደረጉት።

ቀጣዩ ቡጢ እንደሌሎቹ ተነሳ፤ እንደሌሎቹም ሄደ። ያቺ ጣት የምታህል ርቀት ላይ ሲደርስ ክንዱ እንደልማዱ ራሱን ሊይዝ ሲል ገበያው አወቀው። ጊዜ ነበረው። ኋላ ዕድሜውን የበላችው ይቺ ናት፤ ጊዜ ነበረው። አልሳተም፤ አልተሰናከለም፤ ደሙ ፈልቶ ዓይኑን ጋርዶት ነው እንዳይባልም የአደምን ዓይን ጥርት አድርጎ እያየው ነበር። ክንዱን ዝም ብሎ ፈቀደለት።

ቡጢው አረፈ። አደም ዓይኑን አልጨፈነም ነበር፤ እንዳይጨፍን ተምሯልና።

ሜዳው በእልልታ ተናጋ። "በለው!" አሉ። ባላምባራስ መሸሻ ከወንበራቸው ብድግ ብለው "አሁን ገና ወንድ ሆነ" አሉ። እውነቱን መናገር ካስፈለገ፣ ያን እልልታ ሲሰማ ገበያውን ደስ አለው። ዓይን ተርገብግባ እስክትመለስ ድረስ ለሚሆን ጊዜ፣ ጓደኛው በጉልበቱ ወድቆ ፊቱን በእጁ ይዞ ሳለ፣ እሱ ደረቱ ሞልቶ ቆሞ ነበር። ደስታው ሲበንና ከሥሩ ያለውን ሲያይ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ከአደም ጣቶች መሃል ደምና ውሃ የተቀላቀለ ነገር ይወርዳል። ሰው ከበበው። "ምን ሆንክ? ምን አደረገህ?" ሲሉት በሌላኛው ዓይኑ ሽቅብ አየና፣

"እኔ ነኝ" አለ። "አዳለጠኝና ወደፊት ገባሁበት።"

ሜዳው በጥቅምት ፀሐይ ደርቆ አቧራው የሚጨስ ነበር። ማን እንደሚያዳልጥበት እኔ አላውቅም። ሰው ግን አመነ፤ ተመቺው ራሱ ከተናገረ ምን ይባላል። ገበያው አፉን ከፈተ፤ ከዚያ መልሶ ዘጋው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ውሸቱ የሁለቱም ሆነ።

ማምሻውን ቤት ሲደርስ አባቱ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። "አባዬ፣ ስለ እርስዎ ብዬ ነው" አለ።

"ስለ እኔ?" አሉ። ለብቻቸው በአገውኛ አንድ ነገር አጉተመተሙ፤ ከዚያ በአማርኛ ቀጠሉ። "ያን ቀን የመሸሻ ዱላ ኸእጁ ወድቆ ነበር። ፈርቶ ጣለው። እኔ ሳነሳ እሱ ባዶ እጁን ነበር። ኸእኔ ሌላ ያየ የለም።"

"ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን ለምን አልተናገሩም?"

"ብናገር ስሙ ለእሱ ይሆን ነበር። እሱም ልጆች ነበሩት። እኔ ተሸከምኩት፣ አልከበደኝም።" ዱላቸውን ከግድግዳው አስጠግተው አቆሙ። "ዛሬ ነው የከበደኝ።"

ገበያው አባቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። አባቱ ግን እራታቸውን አብረውት በሉ፤ አልገፉትም፤ ከዚያ ቀን ወዲያም ስለዚያ ጉዳይ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

አደምን ኮረም ድረስ በበቅሎ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ደሴ ወስዶ ያሳከመው ገበያው ነው። መንገዱን ሁሉ አደም ፋሻውን እያሻሸ ይቀልዳል፤ "በአንድ ዓይን መሄድ መልካም ነው፣ ገደሉ በግማሽ ነው የሚታየኝ" ይላል። ሐኪሙ መርምሮ የዓይኑ ብርሃን እንደማይመለስ ነገራቸው። አደም "አልሐምዱሊላህ፣ አንዱ አለ" አለ። ገበያው ወደ ውጭ ወጥቶ ከአጥሩ ጥግ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ሲመለስ ፊቱን ታጥቦ ነበር።

ሰቆጣ ተመልሰው ዓሲያን ባያት ጊዜ እርግማን ጠብቆ ነበር። እሷ ግን እንደ ወትሮው ውሃ አቀረበችለት። ጠዋት ጠዋት ለባሏ መርፌዎቹን ሁሉ ክር አስገብታ በአንድ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ደርድራ ትሰካለታለች። በአንድ ዓይን ክሩ ከመርፌው ፊት ይሁን ከኋላ አይታወቅም፤ አደም ሲሞክር ክሩ አየር ይወጋል። ገበያው ይህን አንድ ቀን ቆሞ አየ። ከዚያ ወዲያ በበረንዳው በኩል ሲያልፍ ፊቱን ወደ ወዲያ ማዞር ጀመረ።

ደሞ ከዚህ ሁሉ የባሰው ሰው ማክበሩ ነበር። ባላምባራስ መሸሻ ጠላ ቤት ሲያገኙት ከጎናቸው ያስቀምጡታል። ጎረምሶች መንገድ ይለቁለታል። "የመላሹ ልጅ" መባሉ ቀርቶ "አሳራፊው" ተባለ። ከልጅነቱ ጀምሮ የተመኘውን አገኘ ማለት ነው፤ "አሳራፊው፣ እንደምን አደርክ" ሲሉት እንደ ጥፊ ይሰማዋል፤ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብሎ ያልፋል።

መሸከም ሲያቅተው የአገሩን ደንብ አሰበ። በዚያ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ከበደለው ሰው ደጅ ይቆማል፤ ተበዳዩ "አውርድ፣ ይቅር ብዬሃለሁ" እስኪለው ድረስ ጎንበስ እንዳለ ይቆያል። ነገሩ ያዋርዳል፣ ግን ያልቃል። ገበያው በገበያ ቀን፣ ሰው በሞላበት፣ ከወንዙ ዳር ደህና ድንጋይ መርጦ ተሸከመና ከአደም በረንዳ ፊት ሄዶ አጎነበሰ።

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

"ምን አድርገህ ነው?" አለ አደም።

"ታውቃለህ።"

"እኔ የማውቀው እንዳዳለጠኝ ነው። ያልተከሰሰ ሰው ድንጋይ አይሸከምም። አውርደው ገበያው፣ ደንበኞቼን መንገድ ዘጋህባቸው።"

የመኪናው ድምፅ ቀጠለ። ሰው እየተሰበሰበ ነው። ገበያው ላቡ በአፍንጫው እየተንጠባጠበ ብዙ ቆየ፤ በመጨረሻ ድንጋዩን በረንዳው ጥግ አስቀምጦ አንገቱን እንደደፋ ሄደ። ድንጋዩ ሰፋ ያለና ለመቀመጥ የሚመች ስለነበረ ደንበኞች ልብስ እስኪሰፋላቸው ይቀመጡበት ጀመር። ባላምባራስ መሸሻ እንኳ ኮታቸውን ሊያስጠብቡ መጥተው ተቀምጠውበታል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። በእነዚህ ሰዎች ላይ ተረቱ የተገለበጠ ይመስል ነበር። አደም ይስቃል፤ ገበያውን ለዒድ ይጠራዋል፤ ለፋሲካ ቤቱ ይመጣል። ገበያው ግን ሣቁን አጣ። ያ ቡጢ የሄደበትን መንገድ በእርሻ ላይ፣ በቅዳሴ ላይ፣ በሬ ሲጠምድ፣ ክንዱ ውስጥ እንደገና ይሰማዋል፤ ሊያቆምባት ይችል የነበረች ያቺ ጣት የምታህል ቦታ ጋ ሲደርስ ያመልጠዋል። የረሃቡ ክፉ ቀን መጥቶ ከአበርገሌ የተሰደደ ሰው በየመንገዱ ሲወድቅ፣ ሁለቱንም አቡጀዲ ልብሶች አውጥተው መግነዝ ላጡ ሁለት የስደተኛ ሬሳዎች ሰጡ። አደም ስፌቱን ሲፈታ "ብዬህ አልነበር?" አለ። በዚህም አልሳቁም።

ስድሳ ስድስት ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ገበያው አደምን "ወደ አውድማው እንውጣ" አለው። አደም ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ተከተለው። አውድማው ከዓመታት ወዲህ ሣር አብቅሏል። ገበያው መሃሉ ላይ ቆመና እጁን ወደ ታች ለቀቀ።

"ምታኝ" አለ። "አላነሳም። አልጨፍንም። እንዳሻህ አሳርፍብኝ።"

"ምነው?"

"ድንጋዩን እምቢ አልከኝ። ይኼን እንኳ አትንፈገኝ።"

አደም ብዙ አየው። ከዚያ ሜትሩን አውርዶ ሣሩ ላይ አስቀመጠ። እግሩን ከፈት አድርጎ እንደተማረው ቆመ፤ ቡጢውን ከወገቡ ላይ አደረገ። ገበያው ዓይኑን ከፍቶ ጠበቀ። ከዚያ ሜዳ ወዲህ እንዲህ ቀሎት አያውቅም ነበር፤ እንዲያርፍበት እንደ ዝናብ ነው የናፈቀው። የአደም ክንድ እስከ ግማሽ መጣ። ቆመ። ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ አለ፤ የመርፌ ቀዳዳ እንዳጣ ክር አየር ዳሰሰ። አወረደው።

"አልችልም" አለ።

"አታዝንልኝ አደም። በሞቴ፣ አታዝንልኝ።"

"ማዘን አይዶለም።" አደም መዳፉን በሱሪው ጠረገ። "ማሳረፉን አልፈልገውም፤ ባቆመው ነው የምወድ። በአንድ ዓይን ደግሞ ርቀት አይለካም። ላቆመው ብዬ ባሳርፍብህስ?"

አደም ጎንበስ ብሎ ሜትሩን አነሳና አንገቱ ላይ መለሰ።

"አዳለጠኝ ያልኩት ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ" አለ። "አፍሬ ነው። አገር ሁሉ እያየ፣ እጄን ወደ ታች ለቅቄ፣ አፍጥጬ፣ አምኜህ ቆሜ ነበር። አምኖ ቆመ ከሚሉኝ አዳለጠው ቢሉኝ ይሻለኛል ብዬ ነው።"

ቁልቁል መሄድ ጀመረ። ከአውድማው ጠርዝ ሲደርስ ዞረ፤ ጤነኛውን ዓይኑን በገበያው ላይ ለማድረግ ፊቱን በሙሉ ማዞር ነበረበት። ድምፁን አልጨመረም።

"አንተ ግን ገበያው፣ ያን ቀን ሁለት ዓይን ነበረህ።"

ከዚያ ወረደ። ቆየት ብሎ የስፌት መኪናው ድምፅ ከታች ተሰማ። ገበያው እጁን ወደ ታች እንደለቀቀ፣ ዓይኑን እንዳፈጠጠ እዚያው ቆሞ ቀረ፤ እንዳይጨፍን ያስተማረው እሱ ነውና።